ለፈለቀ የተገዛው ባርኔጣ

አክስቴን ቆንጅትን መጥላት የጀመርኩት በእንጨት ፈረስ ላይ ተቀምጬ ነው። ብዙ ሰው የጠላውን ሰው ከመቼ ጀምሮ እንደጠላው አያውቅም። የእኔው ግን ቦታም ወርም አለው። ቦታው ዲላ፣ ወሩ ጥር፣ ፈረሱም አንድ ጆሮው የተገነጠለ ቀይ ፈረስ ነበር።

ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ የመጨረሻ ዓመታቸው እየተቃረበ መሆኑን ግን ማንም አያውቅም። ቡና ተሸጦ የሰው ኪስ ሞቅ ባለበት በዚያ ወር፣ ግሪክ ነው የሚባል አንድ ሰውዬ የሚሽከረከሩ ፈረሶቹን፣ ትልቁን ጎማና የኢላማ መምቻውን በካሚዮን ጭኖ ከአዲስ አበባ መጣና ከዲላ ገበያ በታች ባለው ሜዳ ተከላቸው። ሉና ፓርክ አሉት። በዙሪያው ደግሞ መስታወት ሻጩ፣ መሐረብ ሻጩ፣ ሱቅ በደረቴው ሁሉ ሰፈረ፤ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ባዶ እጁን ቤቱ እንደማይገባ ያውቃሉ። ወሬው ይርጋጨፌ እኛ ቤት ሲደርስ እናቴ «ለልጅ መጫወቻ ደግሞ መንገድ ይኬዳል?» ብላ ተወችው። ከቤት ያስነሳን አጎቴ ፈለቀ ነው።

ፈለቀ የእናቴ የመጨረሻ ታናሽ ወንድም ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት፤ ከእኔ በፊት ልጇ እሱ ነበር ማለት ይቻላል። አሪቻ ላይ ለአንድ ቡና ነጋዴ ሚዛን ያዥ ሆኖ ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ይመጣል። እሱና ዘነበ የሚባል የጌዴኦ ልጅ፣ የዚያው ነጋዴ ጫኝ፣ በመካከላቸው አንድ ባርኔጣ ነበራቸው። አንዱን ሳምንት ፈለቀ ያደርገዋል፣ ሌላውን ዘነበ። የጭንቅላታቸው ልክ ፍጹም አንድ ስለነበር ባርኔጣው የማን እንደሆነ እነሱም ረስተውት ነበር።

«እቴቴ፣ ሂጂ» አላት እናቴን። «ሆድሽ ከዚህ በላይ ሳይገፋ ትንሽ ንፋስ ተቀበዪ። ቆንጅትንም እይያት፤ ከተያያችሁ ስንት ጊዜያችሁ ነው? ለእኔ አንድ ባርኔጣ ይዘሽልኝ ነይ። አሮጌውን ለዘነበ እለቅለታለሁ።»

እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ ይህ እኔ የማላውቀው፣ ትልልቆቹ ግን ሁሉ በሹክሹክታ የሚያወሩት ነገር ነበር።

ዲላ አክስቴ ቤት አረፍን። አክስቴ ቆንጅት፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቤቷን ስታጸዳ እንግዳንም አብራ የምትጠርግ የምትመስል ሴት ናት። እሷና እናቴ ገና ቡና ሳይፈላ በነገር ይጎነታተላሉ። ያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መልካም ነበሩ፤ ከረሜላ በላሁ፣ ትልቁ ጎማ ላይ ወጥቼ ወናጎን አየሁ ብዬ ዋሸሁ፤ እናቴ እንኳ አንድ ቀን በአክስቴ ጉትጎታ እንጨት ፈረሱ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ስትስቅ አይቻለሁ። ያቺን ሳቅ ኋላ ማንም ይቅር አላላትም፤ ከሁሉ በላይ ራሷ እናቴ።

የመሄጃችን ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ለጎረቤት የሚሆን መስታወት ልትመርጥ ሻጮቹ ዘንድ ሄደች። እኔ ቀዩ ፈረስ ላይ ወጣሁ፤ አክስቴ ገመዱ አጠገብ ቆማ ትጠብቀኛለች። ፈረሱ መዞር ጀመረ። አንዴ ዞሬ ስመለስ ዘነበ ከሰው መሃል ብቅ ሲል አየሁት፤ አቧራ ለብሷል፣ ራሱም ባዶ ነው። ዞሬ ስመለስ አክስቴ ፊቱ ላይ እጇን ሰንዝራለች፤ መታችው አልኩ። ዞሬ ስመለስ አክስቴ የለችም፤ ቁልቁል ሳይ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ከዚያ ደግሞ ተነሥታ የቀሚሷን አቧራ በሁለት እጇ ትመታለች፣ ትመታለች፣ አይበቃትም።

ፈረሱ ቆመ። ልወርድ እግሬን ሳነሣ «ቁጭ በይ!» አለችኝ። ለባለፈረሱ ሳንቲም ወረወረችለትና «ይጨመርላት» አለችው። እሱ ሲያልቅ አሁንም «ይጨመርላት» አለች። ራሴ ዞረ፤ «አክስቴ፣ አውርጂኝ» ብዬ ጮኽኩ። እያየችኝ አታየኝም። በመጨረሻ የበላሁትን ሁሉ ቀዩ ፈረስ አንገት ላይ አስታወክሁት፤ ሰዎች ሳቁ። ጥላቻዬ የተወለደው እዚያ ላይ ነው፤ ለብዙ ዓመትም አብሮኝ አደገ።

ዘነበ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እሱም ሽማግሌ ሆኖ፣ ነገሩን እንደነበረ ነግሮኛል። በዚያ ቀን ጠዋት ቡና የጫነችው መኪና ከአሪቻ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠች። ዘነበ ከሾፌሩ ጎን ነበር፤ ፈለቀ ከላይ ጆንያ ላይ። አባቴ ዘነበን ያገኘው መኪና ላይ አሳፍሮ ወደ ዲላ ሲልከው መልእክቱ ለአክስቴ ባል እንጂ ለአክስቴ አልነበረም፤ ባሏ እንዲሰማና እናቴን ስመኝን፣ ሳትሰማ፣ ቤቷ እንዲያደርሳት። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ሰው በቤቱ፣ በወገኑ መሃል፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ነው የሚረዳው። ዘነበ ግን ባልየውን ሲፈልግ አክስቴ ቀድማ አየችው። «እትዬ፣ ፈለቀ…» ሲል እጇን አፉ ላይ ጫነችው፤ ሌላ ቃል አላስፈለገም። እኔ ላይ ባስጨመረችው ዙር ሁሉ ፊቷን እያስተካከለች ነበር። ይህን ስሰማ ጥላቻዬን የማደርግበት ጠፋኝ፤ እሱም ከእኔ ጋር አርጅቶ ነበር።

እናቴ መስታወቷን በወረቀት አስጠቅልላ መጣች።

«ዘነበ! አንተን ደግሞ ምን አመጣህ?»

«ጭነት አለ፣ እትዬ። ዲላ መጣሁ።»

«ፈለቀስ ደህና ነው?»

ዘነበ አክስቴን አየ። አክስቴ የማታውቀውን ሰው ታይ ጀመር።

«እዚያው ነው ያለው» አለ።

«ባርኔጣህስ? ሳምንቱ ያንተ መስሎኝ?»

«እሱ ጋ ነው፣ እትዬ። እሱ ይዞ ቀረ።»

እናቴ ሳቀች። «አየሽው ቆንጅት? ጓደኛውን በፀሐይ ይልከዋል፣ እሱ ሚዛን ሥር ባርኔጣ አድርጎ ይቀመጣል! በል ና፣ እንኳንም መጣህ። ራስህን አበድረኝ።»

እጁን ይዛ ወደ ባርኔጣ ሻጩ ጎተተችው። ግራጫ፣ ጥቁር ጥብጣብ ያለው ባርኔጣ መርጣ ራሱ ላይ ደፋችለት፤ ፈለቀ እንደሚያደርገው ወደ ግራ ዘንበል አደረገችው። ወደ ኋላ ራቅ ብላ አየችውና እጇን አጨበጨበች።

«ቁርጥ እሱን!»

ዘነበ ሁለት እጁን ጎንና ጎኑ ላይ አውርዶ ቆመ። እንባው በጉንጩ አቧራ ላይ መንገድ ሠርቶ ወረደ። ትልቅ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ አንጀቴን በላው።

«እማዬ፣ ዘነበም ባርኔጣ አምሮት ነው የሚያለቅሰው። ለእሱም ግዢለት» አልኩ።

«አይ ዘነበ! ለባርኔጣ ይለቀሳል?» አለች እናቴ በርኅራኄ። «አሮጌው እኮ ያንተ ነው። አዲሱን ሳደርስለት እሱን ሊለቅልህ ፈለቀ ራሱ ነግሮኛል።»

ያን ስትል አክስቴ መጥታ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ መነጨቀችው።

«አይገዛም!»

«ምን ሆነሻል?»

«አይገዛም አልኩሽ። ዝናብ ሲነካው የሚሟሽሽ ቆሻሻ ነው። ለዚህ ገንዘብ ይወጣል?»

«በገንዘቤ ነው። ካንቺ ምን ጠየቅሁ?»

«ለእሱ ምንም አትገዢ!»

ሰው ዞሮ ማየት ጀመረ። ሻጩ ሸቀጡን ወደራሱ ሰበሰበ።

«ለእሱ?» አለች እናቴ። «ወንድምሽ ስም የለውም? ዛሬ ምን ነካሽ፣ ቆንጅት?»

እውነት ነው፣ ያን ቀን አክስቴ ስሙን አልጠራችም። እኔ ንቃው ነው አልኩ። እናቴም ያው መሰላት፤ ለዓመታት የታመቀው ነገር ሁሉ ገበያ መሃል ወጣ።

«ገብቶኛል። ዱሮም ቢሆን ምን ሰጥተሽው ታውቂያለሽ? የጆሮ ጌጤን ሸጬ ያስተማርኩት እኔ! ሲታመም አዝዬ ያደርኩት እኔ! አንቺ ባል አገባሽ፣ ዲላ ገባሽ፣ ዞረሽ አላየሽውም። ዛሬ እኔ በገዛሁለት ባርኔጣ ደግሞ ትቃጠያለሽ። ምቀኛ!»

አክስቴ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። መልስ አጥታ የማታውቅ ሴት፣ ምራቋን እየዋጠች።

«ተናገሪ እንጂ! ምን ይዘጋሻል?»

«ግዢ» አለች አክስቴ በመጨረሻ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር። «ግዢለት። ሁሉንም ግዢለት።» ባርኔጣውንም መሬት ላይ ጣለችው።

እናቴ ጎንበስ ብላ አነሣችው፤ ሆዷ እያስቸገራት። አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትከራከር፣ ሻጩ የጠራውን ከፈለች።

በዚያ ምሽት እራት ተበልቶ ተነሣ። ውሃ ልጠጣ ጓዳ ስገባ አክስቴን አየኋት፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ወጣሁና እናቴ ጆሮ ላይ «እማዬ፣ አክስቴ ጓዳ ገብታ በእኛ ትስቃለች» አልኳት።

«ትሳቅ» አለች እናቴ። «ነገ ቤታችን እንገባለን።» ባርኔጣውን ትራሷ አጠገብ አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጠዋት አውቶቡሱ ላይ ስንወጣ አክስቴ ጥቅል ይዛ ተከትላን ወጣች። ዘነበም ከኋላ ገባ።

«አንቺ ደግሞ የት ነሽ?» አለቻት እናቴ።

«ልሸኝሽ።»

«ማን ጠራሽ?»

አክስቴ ከኋላችን ተቀመጠች። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር የእናቴን ትከሻ ከኋላ ደግፋ ትይዛለች፤ እናቴ ትከሻዋን ነጥቃ ታስለቅቃታለች። እስከ ይርጋጨፌ እንዲሁ ሲሆኑ ሄዱ። እናቴ ባርኔጣውን አቧራ እንዳይነካው በነጠላዋ ሸፍና ሆዷ ላይ ይዛው ነበር። ወናጎ ስንደርስ ሾፌሩ ሙዝ ሊገዛ ቆመ፤ ማንም አልቸኮለም። ኋላ ከአባቴ ሰዓቱን ጠይቄ ሳገጣጥመው፣ ሙዙ ሲቆረጥ ፈለቀ ጉድጓድ እየገባ ነበር።

ቤት ስንደርስ አባቴ ዓይኑ ቀልቷል። «አቧራ ነው» አለን። ጎረቤቶች አንድ በአንድ ብቅ እያሉ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላሉ፣ ቶሎም ይወጣሉ። እናቴ ከዲላ ያመጣችውን ታድላለች፤ ለአባቴ ምላጭ፣ ለክርስትና እናቴ መሐረብ፣ ለጎረቤታችን መስታወት። ጎረቤታችን መስታወቱን ተቀብላ ሳታመሰግን እየሮጠች ወጣች፤ እኔም ባለጌ ናት ብዬ ያዝኩባት።

«ፈለቀስ?» አለች እናቴ።

«ጭነት ይዞ ሄዷል» አላት አባቴ፤ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ።

ባርኔጣውን እንግዳ ገብቶ ቀድሞ የሚያየው ሚስማር ላይ ሰቀለችው።

ጎህ ሲቀድ በግቢያችን የብዙ ሰው እግር ሰማሁ። በቀዳዳ ሳይ መምሬ ገሪማ ከፊት፣ ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ሴቶች አጥር ለአጥር። ይህ ሁሉ ሰው ባርኔጣውን ሊያይ የመጣ መሰለኝ፤ ልጅ ነኝ፣ ለእኔ ከዲላ ከመጣው ነገር ሁሉ ትልቁ እሱ ነበር። ከሚስማሩ አውርጄ ራሴ ላይ ደፋሁት፣ እስከ አፍንጫዬ ዋጠኝ፣ በሩን ከፍቼ ወጣሁላቸው። መምሬ ገሪማ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሴቶቹ ጮኹ።

እናቴ ከኋላዬ ወጣች። ጩኸቱን ሰማች፣ ሰዉን አየች፣ ዘነበን አየች። የሚያረዳት አላስፈለገም። ባርኔጣውን ከራሴ ላይ አነሣችና፣ በልቅሶ የሟች ልብስ እንደሚያዝ ወደ ላይ ያዘችው። «ይኸው አመጣሁልህ! ይኸው፣ ተነሥና አድርገው!» ሰዉ ሁሉ ወደቀ። አንድም ቀን ያልተደረገ ባርኔጣ ይዞ ማልቀስ ያን ቀን ነው ያየሁት፤ ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ከሰዓታት በኋላ ድምፅዋ ሲዘጋ ወደ አክስቴ ዞረች።

«ባርኔጣውን ስገዛ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ቀብሩንስ?»

«እቴቴ፣ ሆድሽ ውስጥ ያለው ነፍስ…»

«መልሺልኝ!»

«አውቅ ነበር» አለች አክስቴ። «መንገድ ላይ ልጥልሽ? ምን ላድርግ? እኔስ መቼ ቀበርኩት፤ ወንድሜ አይደለም? አንቺን ይዤ ከኋላሽ ተቀምጬ ቀረሁ።»

«ማታውኑ ካሚዮን ለምኜ እገባ ነበር። ባጣ በእግሬ! ያሳደግኩትን ልጅ አፈር ሳላለብሰው አስቀረሽኝ። ገበያ መሃል አሳቅሽኝ። ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም።»

በሚያዝያ ወንድሜ በሰላም ተወለደ። አክስቴ ለገንፎው ቅቤ ይዛ ከዲላ መጣች፤ እናቴ ከበር አስመለሰቻት። ቅቤውን እንኳ አላስቀረችም። በሠርግም በለቅሶም ሲገናኙ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች። በዓመት በዓል ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ብለው ሽማግሌዎች ቢቆጧቸውም አልሰሙም። እኔ እውነቱን ካወቅሁ በኋላም ለእናቴ አደላሁ፤ እናቴ ናት። አሁን ሳስበው ሁለቱም ልክ ነበሩ፣ ሽማግሌ ያቃተውም ለዚህ ነው። አንዷ በዳይ ብትሆን ኖሮ ድንጋይ ተሸክማ ትታረቅ ነበር።

መንግሥታት ተለዋወጡ፣ እኔም አረጀሁ። ባለፈው ጥር እናቴ ጠዋት ተነሥታ፣ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ምርኩዟን ይዛ በረንዳው ላይ ጠበቀችኝ።

«ዲላ ውሰጂኝ። ቆንጅት ታማለች አሉ።»

አላመንኩም፤ ግን ወሰድኳት። ዲላ ገበያ ስንደርስ «ባዶ እጄን አልገባም» አለችና ጋቢ ሻጭ ዘንድ ጎራ አልን። አንድ ወፍራም ጋቢ አስወርዳ በጣቶቿ ትዳስስ ጀመር። በዚያ መሃል ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ አሰገደች ናት። ወደ ደጅ ወጣሁ።

«ውዳሴ፣ እማዬ ማለዳ አረፈች፤ ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለችኝ። «እትዬ ስመኝ እንዳትሰማ። ልቧ ደካማ ነው። ዛሬ አንድ ነገር ብለሽ መልሻት፤ ነገ በማለዳ ሽማግሌ ይዘን መጥተን እናረዳታለን።»

ፊቴን አስተካክዬ ገባሁ። እናቴ ጋቢውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታዋለች።

«ይሄ ይሞቃታል» አለችኝ። «ዱሮም ብርድ አትችልም ነበር።»

«ተዪው እማዬ» አልኩ። «ይሄ ሲታጠብ የሚሟሽሽ ነው። ዋጋውም አይረባም። ሌላ ቀን እንመጣለን።»

«ወድጄዋለሁ።»

«አይገዛም!» አልኩ። ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ድምፁ ከእኔ ወጣ እንጂ የእኔ አልነበረም።

የእናቴ ጣቶች ጋቢው ላይ ቆሙ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቴን ብቻ ሳይሆን አፌን አየችው፣ ምራቄን ስውጥ አየችኝ። ሻጩ ልጅ «እማማ፣ ልቀንስልዎ» አላት። «አትቀንስ። ጠቅልልልኝ» አለችው። የጠራውን ሳትከራከር ከፈለች፣ ጥቅሉን ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ቀብሩ መቼ ነው?» አለችኝ።

ልዋሽ ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት» አልኩ።

«እንግዲያ ባጃጅ ጥሪ» አለች። «የእሷ አያመልጠኝም።»

ጠራሁ።